ማዘጋጃ ቤትና ምክር ቤት፤ የከተማ አስተዳደር ታሪክ በሐይቅና በአምባሰል

ስለ ኢትዮጵያ ከተሞች አስተዳደር የተጻፈው ታሪክ አብዛኛው የጎንደርን፣ የሐረርንና የአዲስ አበባን ነገር የሚተርክ ነው። እነዚህ ከተሞች የነገሥታትና የአሚሮች መቀመጫ ስለ ነበሩ ሹመታቸውም ደንባቸውም በጽሑፍ ተላልፏል፤ ስለዚህ ለታሪክ ጸሐፊ ይመቻሉ። በአውራ ጐዳና ዳር የተቈረቈሩት ትንንሽ ከተሞች ግን ብዙ ጊዜ የሚነሡት በመንገደኛ ማስታወሻ ወይም በሕዝብ ቈጠራ ሰንጠረዥ ላይ ነው። ይሁን እንጂ የአንድ ሕግ ባሕርይ በግልጽ የሚታየው ሕጉ በተጻፈበት በዋናው ከተማ ሳይሆን በመጨረሻ በሚደርስበት ስፍራ ነው። የማዘጋጃ ቤት ሕግም ከዚህ አይወጣም።

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው ጐዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ የምትገኘው የሐይቅ ከተማ ለዚህ ዐይነቱ ጥናት የተመቸች ምሳሌ ናት። ስሟን ያገኘችው በአጠገቧ ካለው ሐይቅ ነው፤ ወደ ውሃው ገባ ብሎ በሚታየው ምድር ላይም ጥንታዊው የደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። ዛሬ ሐይቅ የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ ስትሆን፣ የአምባሰል ወረዳ መቀመጫ ደግሞ በዚያው ጐዳና ወደ ሰሜን የምትገኘው ውጫሌ ናት። በዚህ ስፋቱ ብዙ ባልሆነ አገር ውስጥ የገዳም ሥርዐት፣ የባላባት ግዛት፣ የሹም ማዘጋጃ ቤት፣ የነዋሪዎች ቀበሌና በምርጫ የሚቆም ምክር ቤት አንዱ ሌላውን እየተካ፣ አንዳንዴም አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ ታይቷል።

እነዚህን ሁሉ አንድ ጥያቄ ያገናኛቸዋል፤ ይኸውም ከተማን የሚያስተዳድር ሰው ተጠያቂነቱ ለማን ነው የሚለው ነው። የአማርኛ ቋንቋ ለከተማ አስተዳደር ሁለት «ቤቶች» አሉት። አንዱ ማዘጋጃ ቤት፣ ሁለተኛው ምክር ቤት ይባላል። የመጀመሪያው የሚያሰናዳ፣ የሚያስተካክል፣ የሚያጸዳና ቀረጥ የሚሰበስብ ቤት ነው፤ ሁለተኛው የሚመክርና የሚወስን ቤት ነው። በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ ራሳቸውን ባስተዳደሩ የንግድ ከተሞች መካሪው ቤት ቀድሞ ቆሞ አሰናጁን ቤት ወለደ። በኢትዮጵያ ትንንሽ ከተሞች ግን አሰናጁ ቤት ቀድሞ መጣ፤ መካሪው ቤት ከብዙ ዘመን በኋላ ተከተለው። በሐይቅና በመሰሎቿ የከተማ አስተዳደር የገጠመው ችግር አብዛኛው ከዚህ ቅደም ተከተል የመነጨ ነው።

፩. ደብሩና አምባው

በአካባቢው ከከተማ በፊት ሁለት ታላላቅ ሥልጣኖች ነበሩ። አንደኛው የደብሩ ነው። በትውፊት የደብረ ሐይቅ አመሠራረት ከ9ኛው መቶ ዓመት ጋር ይያያዛል፤ የገዳሙ ሥርዐት ጸንቶ የቆመው ግን በ13ኛው መቶ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዐ ጊዜ ነው። የገዳሙ አበምኔቶች «ዐቃቤ ሰዓት» የሚል ማዕርግ ነበራቸው። ይህም በቤተ መንግሥት ከከፍተኞቹ ማዕርጎች አንዱ ነበር፤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (1426–1460 ዓ. ም.) ዐቃቤ ሰዓት ዐምኃ ኢየሱስ ለንጉሡ እጅግ ቅርብ ከነበሩት ሰዎች ይቈጠራሉ።

ለአስተዳደር ታሪክ ግን ከማዕርጉ ይበልጥ የሚጠቅመው የደብሩ የመዝገብ ልማድ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ. ም. ገደማ ለገዳማቸው የሰጡት አራቱ ወንጌል እስከ ዛሬ አለ፤ በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ የደብሩ ንብረትና የተሰጠው ስጦታ ተጽፎ ይገኛል። ንብረትን በወንጌል ላይ መመዝገብ ቃሉ እንዳይካድ፣ ጽሑፉም በቀላሉ እንዳይፋቅ ማድረግ ነበር። ዛሬ ማዘጋጃ ቤት የቦታና የቤት መዝገብ ሲይዝ የሚፈልገው እምነት ያን ጊዜ በደብሩ መጽሐፍ ላይ ያረፈ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ሥልጣን የአምባው ነው። የአምባሰል ገዥ «ጃንጥራር» ይባል ነበር፤ ይህም የዚያ አገር ገዥ ቤተ ሰብ ብቻ የሚጠራበት ማዕርግ ነው። የንጉሣዊው ዘር ልጆች ይጠበቁበት የነበረው የግሸን አምባ በዚሁ በአምባሰል ምድር ይገኛል። እቴጌ መነን አስፋው የጃንጥራር አስፋው ልጅ ነበሩ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ. ም. በዐፄ ምኒልክና በኢጣልያ መንግሥት መካከል የተደረገው ውል የተፈረመውም በውጫሌ ነው።

ደብሩም አምባውም ከተሜ የሚባል የራሱ መብትና ግዴታ ያለው ሰው አያውቁም ነበር። ዐቃቤ ሰዓቱ ተጠያቂነቱ ለደብሩና ለንጉሡ ነው፤ ጃንጥራሩ ደግሞ ለወገኑና ለንጉሡ። ገበያተኛው፣ ሸማኔው፣ መንገደኛውን የሚያሳድረው ባለቤት ከእነዚህ ከሁለቱ በአንደኛው ጥላ ሥር ይኖራል እንጂ ስለ ራሱ የሚመክርበት በሹመት የታወቀ ሸንጎ አልነበረውም።

ይህ ሲባል ግን ሕዝቡ ያለ ምክር ይኖር ነበር ማለት አይደለም። በወሎ ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ማኅበር «ቅሬ» ይሉታል። ቅሬ ለቀብርና ለሐዘን የቆመ ቢሆንም ሥራው በዚያ አይወሰንም፤ ጐረቤትን ከጐረቤት ያስታርቃል፣ ለችግረኛ መዋጮ ያወጣል፣ ሥርዐት ያፈረሰውን ይቀጣል። ከቅሬ መውጣት ከሰው መለየት ስለሆነ፣ ቅጣቱ ያለ ወታደር ይፈጸማል። እስላምና ክርስቲያን ተቀላቅሎ በሚኖርበት ስፍራም ሁለቱ በአንድ ቅሬ መተሳሰራቸው በወሎ የታወቀ ነገር ነው። ከባድ ጠብ፣ ይልቁንም የደም ነገር ሲነሣ ደግሞ «አበጋር» የሚባሉት አስታራቂዎች በመካከል ይገባሉ። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤት ወደዚህ አገር ሲመጣ ባዶ ሜዳ አላገኘም፤ የሚመክር ሕዝብ ነበረ፤ ምክሩ ግን ከመንግሥት ሹመት ውጭ ነበር።

፪. ከንቲባና የከተማ ሹም

ከንቲባ የሚለው ስም የቈየ ነው፤ የጎንደር ከተማ ሹም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። አዲሱ ዐይነት የከተማ አስተዳደር የጀመረው ግን በአዲስ አበባ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ሚኒስትሮችን ከሾሙ በኋላ ብዙም ሳይቈይ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ተቋቋመ፤ በዚሁ ዘመን የከተማ ቦታ በባለርስትነት የሚያዝበት ደንብም ወጣ። የሁለቱ መገናኘት በአጋጣሚ አይደለም። ቦታ ሲለካና ሲሸጥ መዝገብ ያስፈልጋል፤ መዝገብ ሲኖር ጠባቂ ቢሮ ይከተላል። ማዘጋጃ ቤት ከመጀመሪያው የመዝገብና የቀረጥ ቤት ሆኖ ተወለደ።

በኢጣልያ ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ. ም.) ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ አሥመራ የሚወስደው የመኪና መንገድ ተሠራ፤ በዚህ መንገድ ዳር ያሉት ከተሞችም ከቀድሞው ይበልጥ ከማእከል ጋር ተሳሰሩ። ወራሪው ኃይል በገዛ አገሩ የነበረውን የተመረጠ የከተማ ምክር ቤት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1926 መሻር ጀምሮ፣ በምትኩ «ፖዴስታ» የሚባል ከመንግሥት የሚሾም የከተማ ገዥ አስቀምጦ ነበር። ለራሱ ዜጋ የነፈገውን ምክር ቤት በቅኝ ግዛት ለያዘው ሕዝብ ይሰጣል ተብሎ አይጠበቅም። ስለዚህ ከወረራው የተረፈው መንገዱና ሕንፃው ነው፤ የከተማ ራስ አገዝ አስተዳደር ልምድ አልተገኘበትም።

ነጻነት ከተመለሰ በኋላ የዘመናዊው አስተዳደር መሠረት የተጣለው በ1934 ዓ. ም. በወጣው የአገር ግዛት አስተዳደር ድንጋጌ ቁጥር 1 ነው። ይህ ሕግ አገሪቱን በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃና በወረዳ ከፍሎ፣ ገዦቹን ደመወዝተኛ የመንግሥት ሠራተኞች አደረጋቸው። ስለ ከተሞችም ሲደነግግ ለአዲስ አበባና ለጎንደር ከንቲባ፣ ለቀሩት ደግሞ የከተማ ሹም እንዲኖር አደረገ። በ1937 ዓ. ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 ይህን አስፋፍቶ ከተሞችን በደረጃ መደበ። ከፍ ላሉት ከተሞች የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንደራሴዎችና ከነዋሪው የሚመረጡ ሰዎች የሚቀመጡበት ምክር ቤት ተፈቀደ። ሁሉም ግን በአገር ግዛት ሚኒስቴር የበላይ ተቈጣጣሪነት ሥር ነበሩ።

የደረጃው ልዩነት ምን ያህል እንደ ነበረ ለመረዳት የአዲስ አበባን ቻርተር ማየት ይበቃል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 የወጣው ቻርተር 30 አባሎች ያሉት ምክር ቤት አቋቋመ። ከእነዚህ 20ው ከ10 ወረዳዎች ሁለት ሁለት ሆነው በባለንብረቶች የሚመረጡ፣ 10ሩ የሚኒስቴሮች እንደራሴዎች ነበሩ። ከንቲባው ግን የሚሾመው በንጉሠ ነገሥቱ ነበር። እንግዲህ በአገሪቱ ሁሉ ከፍተኛ ነጻነት በተሰጠው ከተማ እንኳ ምርጫው የባለንብረት ብቻ፣ ራሱም ሹመኛ ነበር። ከዚህ በታች ወዳለው ደረጃ ሲወረድ ምክር ቤቱ እየሳሳ ይሄዳል፤ በትንሹ ከተማ ዘንድ የሚቀረው ሹሙ፣ ጸሐፊውና ቀረጥ ሰብሳቢው ነው።

በወሎ ጠቅላይ ግዛት በአምባሰል አውራጃ ውስጥ ለነበሩት እንደ ሐይቅ ላሉ የጐዳና ዳር ከተሞች ማዘጋጃ ቤት ማለት ይኸው ነበር። የገበያ ቀረጥ ይቀበላል፤ የቦታና የቤት ግብር ያስከፍላል፤ የቄራና የንግድ ፈቃድ ይቈጣጠራል፤ መንገድ ያስጠርጋል። እነዚህ ሁሉ አስፈላጊ ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን ገንዘቡ በምን ላይ ይዋል የሚለው ውሳኔ ከታች ወደ ላይ ተጕዞ ተፈቅዶ የሚመለስ ነበር። ነዋሪው ማዘጋጃ ቤቱን የሚያውቀው ከፋይና አመልካች ሆኖ ነው፤ መካሪ ሆኖ አያውቀውም። «መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» የሚለው ምሳሌ ለንጉሥ የተባለውን ያህል ለከተማ ሹምም ይሠራል፤ የከተማ ሹም ግን መካሪ ባይኖረውም ሻሪው ከላይ ስለሆነ ብዙ ዓመት ይቀመጥ ነበር።

መንግሥትም ችግሩን አልሳተውም። በ1958 ዓ. ም. የወጣው የአካባቢ ራስ አስተዳደር ትእዛዝ ቁጥር 43 ለተመረጡ አውራጃዎች የራሳቸው ምክር ቤት እንዲኖራቸው አስቦ ነበር። ይሁን እንጂ የሕግ መምሪያና የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቶች የሚያስፈልገውን ሕግ ሳያጸድቁ ስለ ቀሩ ሐሳቡ በወረቀት ላይ ቀረ። የዚህ ጉድለት ዋጋ በ1965 ዓ. ም. ታየ። በወሎ የተራበው ገበሬ እርዳታ ፍለጋ ወደ ዋናው ጐዳና ሲወርድ፣ በመንገዱ ዳር ያሉት ከተሞች መከራውን በዐይናቸው አዩ። ነገር ግን የአስተዳደሩ ሰንሰለት የተሠራው ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች እንዲወርድበት ነበር፤ የሕዝብ ጩኸት ከታች ወደ ላይ የሚወጣበት የታወቀ ሸንጎ አልነበረውም። የረሀቡ ነገር በዓለም ዘንድ በሰፊው የተሰማው በ1966 ዓ. ም. በጥቅምት ወር ነው፤ ያም የሆነው በከተማ ምክር ቤት ጩኸት ሳይሆን በውጭ አገር ጋዜጠኛ ፊልም ነው።

፫. ቀበሌ

የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ከወደቀ በኋላ የከተማ አስተዳደር ከሥሩ ተገለበጠ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተ ሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው፣ የመኖሪያ ቦታውም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች አስተዳደር ለነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለት ለቀበሌ፣ ተሰጠ። በ1969 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 104 ደግሞ ቀበሌዎችን አጠናክሮ ማዘጋጃ ቤቶችን ከእነርሱ ጋር አያያዘ።

ይህ ለውጥ በመርሕ ሲታይ የቀድሞውን ቅደም ተከተል የሚያቃና ነበር። ባለንብረት መሆን ለመምረጥ መለኪያ መሆኑ ቀረ፤ ተከራዩም በስብሰባ ተቀምጦ ድምፅ ሰጠ። በሌላ ቋንቋ፣ መካሪው ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሠፈር ወረደ። ከኪራዩ የሚገኘው ገንዘብም በዚያው በሠፈሩ ለመንገድና ለውሃ እንዲውል የታሰበ ነበር።

ነገር ግን ቀበሌ ብዙም ሳይቈይ ሌላ ጭነት ተጫነበት። የፍርድ ሸንጎ፣ የአብዮት ጥበቃ ጓድና የሸቀጥ ማከፋፈያ ሱቅ በአንድ ጣራ ሥር ተሰበሰቡ። ስኳር የሚያከፋፍል፣ የሚያስር፣ መታወቂያ የሚሰጥና ለውትድርና የሚመለምል ቤት አንድ ሲሆን፣ ነዋሪው በስብሰባው ላይ የሚናገረውን መጠንቀቅ ግድ ሆነበት። እንዲህ ሆኖ ምክር ቤቱ ወደ ሠፈር ቢወርድም ምክሩ ሸሸ። ለቦታና ለቤት ሥልጣኑ ለቀበሌና ለሚኒስቴር ሲከፋፈል፣ ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ የቀድሞ ገቢው ምንጭ ነጥፎበት የጽዳትና የመዝገብ ቢሮ ወደ መሆን ዝቅ አለ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ቅሬ አልጠፋም። ቀበሌ በሕግ የተሰጠው ሥልጣን ሁሉ ነበረው፤ ቅሬ ግን በሕግ ምንም ሳይሰጠው ሰዎች በፈቃዳቸው የሚከፍሉትና የሚታዘዙት ማኅበር ሆኖ ቀጠለ። የከተማ አስተዳደርን ለሚያጠና ሰው ይህ ንጽጽር ትልቅ ትምህርት አለው፤ መታዘዝ ከሥልጣን ብዛት የሚገኝ እንዳልሆነ ያሳያልና።

፬. ከንቲባና ሥራ አስኪያጅ

ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ. ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ስለ አዲስ አበባ በአንቀጽ 49 ለይቶ ሲደነግግ፣ የሌሎቹን ከተሞች ነገር ለክልሎች ትቶታል። በአንቀጽ 50 ግን ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። የአማራ ክልል ለከተሞቹ የተለየ ሕግ ካወጡት ክልሎች ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው፤ በ1992 ዓ. ም. አዋጅ ቁጥር 43ን፣ በ1996 ዓ. ም. ደግሞ እርሱን የተካውን አዋጅ ቁጥር 91ን አወጣ።

በዚህ ሕግ መሠረት የከተማ አስተዳደር ደረጃ ያገኘ ከተማ በነዋሪው የሚመረጥ ምክር ቤት ይኖረዋል። ምክር ቤቱ ከአባሎቹ መካከል ከንቲባውን ይመርጣል፤ ከንቲባውም ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር አስፈጻሚ ኮሚቴ ሆኖ ይሠራል። ለማዘጋጃ ቤቱ አገልግሎት፣ ማለት ለመንገድ፣ ለጽዳት፣ ለቄራና ለገበያ፣ በሞያው የሚቀጠር ሥራ አስኪያጅ ይሾማል። ይህ የሥራ ክፍፍል በሌላ አገር ታሪክ አለው። በአሜሪካ የዴይተን ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1913 ከባድ ጎርፍ ካጠፋት በኋላ፣ ፖለቲካውን ለተመረጡ ሰዎች፣ የዕለት ሥራውን ለባለሞያ ሥራ አስኪያጅ የሚሰጥ ሥርዐት አቁማ ለብዙ ከተሞች ምሳሌ ሆነች።

ሁለተኛው ክፍፍል የሥራውና የገንዘቡ ነው። ትምህርት፣ ጤናና የመሳሰሉት የመንግሥት ተግባር ተብለው ከክልሉ በሚመጣ በጀት ይሸፈናሉ፤ የማዘጋጃ ቤት አገልግሎት ግን ከተማው ራሱ ከሚሰበስበው ገቢ እንዲከናወን ተደርጓል። በዚህ ላይ ትልቁና ትንሹ ከተማ ይለያያሉ። ባህር ዳር፣ ጎንደርና ደሴ ሰፊ ንግድ፣ ብዙ የሚከራይ ቦታና ብዙ ግብር ከፋይ አላቸው። ከከተማ አስተዳደር ደረጃ በታች ያለ ከተማ ግን ማዘጋጃ ቤቱ ለወረዳው ተጠሪ ሆኖ ይቆማል።

የወረዳ መቀመጫ የሆነች ከተማ ደግሞ የባሰ ጥያቄ አለባት። በአንድ ጐዳና ላይ የወረዳው መሥሪያ ቤትና ማዘጋጃ ቤቱ ጐን ለጐን ይቆማሉ። ወረዳው በ1994 ዓ. ም. ከተደረገው ያልተማከለ አስተዳደር ወዲህ በጀት የሚቀበል፣ የራሱ ምክር ቤት ያለው አካል ነው፤ በዚያ ምክር ቤት ውስጥ ግን ብዙውን ወንበር የሚይዘው የገጠሩ ሕዝብ ነው። ይህም በቍጥር ፍትሕ ትክክል ነው። ሆኖም የከተማው የውሃ መውረጃ፣ የገበያው ቦታና የሐይቁ ዳርቻ ሲነሡ፣ በጉዳዩ ላይ የሚወስነው ምክር ቤትና በጉዳዩ የሚነካው ሕዝብ አንድ አይሆኑም። ሐይቁ ራሱ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ውሃው መውጫ የሌለው ስለሆነ ከዙሪያው ታጥቦ የወረደው ሁሉ በእርሱ ውስጥ ይቀራል፤ የከተማው ቈሻሻና የገጠሩ አፈር በአንድ ውሃ ይገናኛሉ። ዳርቻውን የሚጠብቅ ምክር ከሁለቱም ወገን ካልመጣ፣ አንዱ ያጸዳውን ሌላው ያደፈርሰዋል።

፭. ከታሪኩ የሚገኘው

ከላይ ከተነገረው ሦስት ነገር ጐልቶ ይታያል። አንደኛ፣ የከተማ አስተዳደር አቋም በደረጃ ሲከፋፈል ደረጃው ሁልጊዜ የሚለካው በነዋሪው ብዛትና በገቢው ነው፤ የ1937ቱም የ1996ቱም ሕግ በዚህ ይመሳሰላሉ። ስለዚህ ምክር ቤት እንደ መብት ሳይሆን እንደ ሽልማት ይታያል፤ ያደገ ከተማ ያገኘዋል፤ ለማደግ ምክር የሚያስፈልገው ትንሽ ከተማ ግን ይጠብቃል። ሁለተኛ፣ በሁሉም ዘመን ሥልጣንና ገንዘብ አብረው አልተሰጡም። የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የከተማ ሹም ገንዘብ ይሰበስባል፣ አይወስንም፤ ቀበሌ ይወስን ዘንድ ተቋቋመ፣ ግን የትእዛዝ እጅ ሆነ፤ የዘመኑ ማዘጋጃ ቤት በራሱ ገቢ እንዲሠራ ታዘዘ፣ ገቢው ግን ጠባብ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ሕግ አውጪዎች በየጊዜው ከላይ ወደ ታች ቤት ሲሠሩ፣ ቀድሞ የነበረውን የሕዝቡን ምክር አልቈጠሩትም። ቅሬ ማዘጋጃ ቤት ሊሆን አይችልም፤ ቦታ አይለካም፣ ውሃ አይስብም፣ የአበጋርም እርቅ የከተማን ፕላን አይተካም። እንዲያውም ቅሬም ቢሆን ጕድለት አለው፤ ለባዕድና ለአዲስ መጪ ደጁ ሊጠብ ይችላል፤ ከተማ ደግሞ በባሕርይዋ የመጪዎች ናት። ግን ቅሬ ለከተማ ምክር ቤት የሚያስተምረው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሰው በፈቃዱ የሚከፍለው ገንዘቡ ወዴት እንደ ገባ በጐረቤቱ ፊት ሲነገረው ነው።

ደብረ ሐይቅ ንብረቱን በወንጌል ላይ የጻፈው መዝገቡን ሁሉ እንዲያምነው ነው፤ ቅሬም መዋጮውን በስብሰባ ፊት የሚቈጥረው ስለዚሁ ነው። የማዘጋጃ ቤት የቦታ መዝገብና የገቢ ሒሳብ በነዋሪው ፊት የሚነበብበት ምክር ቤት፣ ከተማው ትንሽ ነው ትልቅ ነው ሳይባል፣ እስካልቆመ ድረስ ማዘጋጃ ቤቱ ያሰናዳል እንጂ አያስተዳድርም። ሐይቅ፣ ውጫሌና በወሎ ጐዳና የተሰለፉት እኅቶቻቸው ወደፊት የሚያድጉት በሕንፃቸው ብዛት ብቻ አይደለም፤ ሁለቱን ቤቶች፣ የሚያሰናዳውንና የሚመክረውን፣ ባንድ መሠረት ላይ ማቆም ሲችሉ ነው።